ሊኑክስ ላይ የሚረብሽ ሴኩሪቲ ቺፕ፦ ቦርዱን ሳትቀይር፣ ቺፑን ሳታጠፋ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ገዝቼ ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ ጫንኩበት። ዊንዶውስ ላይ ምንም አይለውም። ኡቡንቱ ላይ ግን ሲነሳ ትንሽ ይንቀረፈፍና ታችፓዱ ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ላይ ‹አይአርኪው 31፦ ኖባዲ ኬርድ› የሚል ጽሑፍ አየሁ። እዚያው ‹አይአርኪውፖል› የሚለውን ሞክር ስለሚል ጨመርኩበት፤ ከዚያ ወዲህ ፋኑ ማቆሚያ የለውም፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ቲፒኤም የሚባለው ቺፕ ተበላሽቷል፣ ቦርዱ ይቀየር አሉኝ። እውነት ነው? ወይስ ባዮስ ገብቼ ቺፑን ባጠፋው ይሻላል?»

ሰላም ወንድሜ። ቦርዱን አታስቀይር። ባዮስ ገብተህም ቺፑን አታጥፋ፣ ያውም ዊንዶውስ 11 እዚያው ላይ እያለልህ። ከጻፍከው ስነሳ ቺፑ ደህና ይመስለኛል። የተበላሸው ቺፑ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መንገድ ነው። እሱ ደግሞ በአንድ መስመር ጽሑፍ ይዘጋል፤ ብየዳም ገንዘብም አይፈልግም።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳህ። ቲፒኤም ቁልፍና የይለፍ ምስጢር የሚያስቀምጥ ትንሽ ቺፕ ነው። በጣም ቀርፋፋ ነው። ሊኑክስ አንድ ነገር ሲያዘው መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ አለበት፤ የሚጠብቀውም በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፖሊንግ ነው፤ ድራይቨሩ (ቺፑን የሚያዘው የሊኑክስ ፕሮግራም) በየጥቂት ሚሊሰከንዱ «ጨረስክ?» እያለ ይጠይቃል። ሁለተኛው ኢንተራፕት ነው፤ እሱን እንደ ሚስኮል ቁጠረው። ቺፑ ሲጨርስ ለፕሮሰሰሩ ሚስኮል ያደርጋል፣ ፕሮሰሰሩም ሥራውን አቋርጦ መልሱን ይወስዳል። አንተ ጋ የሆነው ሚስኮሉ ማቆሚያ አጥቶ ነው። ፕሮሰሰሩ ያነሳል፣ ማንም የለም። ይዘጋል፣ እንደገና ይጠራል። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ።

ለምን አይቆምም? ሚስኮሉ የሚመጣበት መስመር ብዙ ጊዜ «ሌቭል ትሪገርድ» የሚባለው ዓይነት ነው። ቺፑ መስመሩን አንዴ ከያዘው፣ ድራይቨሩ የቺፑ ስታተስ ሬጂስተር (ሁኔታው የሚመዘገብበት ቦታ) ላይ «ሰምቻለሁ» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ አይለቀውም። ባዮሱ ለሊኑክስ የነገረው የመስመር ቁጥር ስህተት ከሆነ፣ ወይም «ዝቅ ሲል ነው ጥሪው» ማለት ሲገባው «ከፍ ሲል» ብሎ ካስመዘገበ፣ ድራይቨሩ ሺህ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ቢል ዋጋ የለውም። መስመሩ ሁልጊዜ እንደተጠራ ይቆጠራል።

አሁን ያየኸውን ጽሑፍ እንፍታው። አይአርኪው 31 ማለት ቁጥሩ 31 የሆነ የኢንተራፕት መስመር ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አንድ መስመር ላይ ከ100,000 ጥሪ ውስጥ ከ99,900 በላዩ ባለቤት ካጣ፣ «ኖባዲ ኬርድ» ብሎ ይጽፍና መስመሩን ይቆርጠዋል። «የሚሰማው የለም» እንደማለት ነው። ሲነሳ መንቀርፈፉ ያ 100,000 ጥሪ ነው። ቀጥሎ «ዲሴብሊንግ አይአርኪው 31» የሚል መስመር አለ፤ ሳታየው አልፈኸው ይሆናል። ታችፓዱን ቀጥ ያደረገው እሱ ይመስለኛል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ዕቃ አንድ መስመር ይጋራል፤ ከርነሉ መስመሩን ሲቆርጥ ጥፋት የሌለበትም አብሮ ይቆረጣል።

አይአርኪውፖልን ዛሬውኑ አውጣው። ከርነሉ ራሱ እንድትሞክረው መምከሩ ብዙ ሰው አሳስቷል። ያ ምክር የተሠራው ፈርምዌራቸው (እንደ ባዮስ ያለው ፋብሪካ የጫነው ሶፍትዌር) ክፉኛ ለተበላሸ ማሽኖች ነው። ባለቤት ያጣ ጥሪ በመጣ ቁጥር ከርነሉ የሁሉንም ድራይቨር በር ያንኳኳል። ይህም ሳይበቃው ሰዓት ቆጣሪው በመታ ቁጥር ሁሉንም እየዞረ ይጠይቃል። ጥሪው በጅረት በሚወርድበት ላፕቶፕ ላይ ይህን ስትጨምር ፋኑ ባይጮኽ ነበር የሚገርመኝ።

ከመደምደማችን በፊት ግን 31 በእርግጥ የቲፒኤም መሆኑን አረጋግጥ። ተርሚናል ክፈትና በካት ትዕዛዝ /ፕሮክ/ኢንተራፕትስ የሚለውን ፋይል አንብብ። (ሁሉንም የምታስገባው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው።) ሰፊ ሠንጠረዥ ይመጣልሃል። በግራ ጫፍ የመስመሩ ቁጥር አለ። መሃል ላይ እያንዳንዱ ኮር ስንት ጊዜ እንደተጠራ ተደርድሯል። በቀኝ ጫፍ የባለቤቱ ስም አለ። 31 ፊት ለፊት «ቲፒኤም0» የሚል ካየህ ጥርጣሬያችን ልክ ነው። ከጎኑ በኮማ ተለይቶ ሌላ ስም ካለ፣ ለምሳሌ «አይ2ሲ ዲዛይንዌር» የሚል፣ መስመሩን የሚጋራው እሱ ነው። ታችፓድ ብዙ ጊዜ የሚገናኘው በዚያ በኩል ነው።

ከዚያ ቁጥሩን እየው። ጤነኛ ማሽን ላይ ኢንተራፕት በርቶም ቢሆን የቲፒኤም ቁጥር ትንሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጥቂት ይቆጥርና ዝም ይላል። አንተ ጋ አንደኛው ኮር ሥር 100000 ወይም ከሱ በጣም ትንሽ የበለጠ ቁጥር አግኝተህ፣ ደግመህ ስታየው ካልተነቃነቀ፣ ከርነሉ የቆረጠበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር በአጋጣሚ አይመጣም። አይአርኪውፖልን ካወጣህ በኋላ ነው ይህን የምታየው፤ ካልሆነ ቁጥሩ ያሳስትሃል።

ሌላ መልክም አለው፤ ሌላ አንባቢ ሊገጥመው ስለሚችል ልጥቀሰው። አንዳንድ ማሽን ላይ ድራይቨሩ ጥሪውን «የኔ ነው» ብሎ ይቀበላል፣ ግን ጥሪው ወዲያው ይመለሳል። ባለቤት ስላለው ከርነሉ መስመሩን አይቆርጥም፣ «ኖባዲ ኬርድ» የሚል ጽሑፍም አይመጣም። የሚታየው ቁጥሩ ያለማቋረጥ መሮጡ ነው፤ የሚሮጡትን ሥራዎች የሚያሳየውን ቶፕ የሚለውን ትዕዛዝ ስትከፍት ደግሞ «አይአርኪው/31-ቲፒኤም0» የሚባል ሥራ ኮሩን ይዞ ታገኘዋለህ። መድኃኒቱ ያው አንድ ነው።

ቲፒኤም የሚል መስመር ጭራሽ ከሌለ ግን ሌላ በሽታ ነው። በተለይ 9 ቁጥር ላይ «ኤሲፒአይ» የሚለው እየሮጠ ከሆነና ቶፕ ላይ «ኬወርከር» የሚል ስም ጎልቶ ከታየ፣ ጥፋቱ ከሴኩሪቲ ቺፑ ጋር አይገናኝም። ያኔ /ሲስ/ፈርምዌር/ኤሲፒአይ/ኢንተራፕትስ የሚለውን ፎልደር አይተህ የትኛው ቆጣሪ እንዳበጠ ፈልግ። ከዚህ በታች የምጽፈው አይጠቅምህም።

አንድ ነገር ደግሞ ፈትሽ። /ሲስ/ክላስ/ቲፒኤም/ቲፒኤም0/ዲቫይስ/ድራይቨር የሚለውን በሪድሊንክ ትዕዛዝ እየው። መጨረሻው «ቲፒኤም_ቲስ» ከሆነ በዚሁ ቀጥል። «ቲፒኤም_ሲአርቢ» ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው የቆመ ቺፕ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ በፈርምዌር የሚሠራ ነው፣ የኢንቴል ፒቲቲ ወይም የኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም ዓይነት። የሱ ድራይቨር ሊኑክስ ላይ የሚሠራው በፖሊንግ ነው፤ የኢንተራፕት ጣጣ የለበትም። ኤኤምዲ ያላችሁ እዚህ ላይ አትደናገሩ፤ ኩባንያው በ2022 ያመነው፣ ድምፅና ማውስ የሚያቆራርጠው የኤፍቲፒኤም ችግር ሌላ ነው። እሱን ሊኑክስ በ2023 የፈታው ከዚያ ቺፕ የነሲብ ቁጥር መውሰዱን በማቆም ነው።

ወደ መድኃኒቱ። ድራይቨሩን «ሚስኮሉን አትጠብቅ፣ ራስህ ጠይቅ» እንለዋለን። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቲፒኤም፣ አንደርስኮር፣ ቲስ፣ ነጥብ፣ ኢንተራፕትስ፣ የእኩል ምልክት፣ 0። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ የለም። «ቲስ» ቲ፣ አይ፣ ኤስ ነው፤ «ኢንተራፕትስ» መጨረሻው ላይ ያለው ኤስ እንዳይቀርብህ። ኤሷ ከጎደለች ከርነሉ ዝም ብሎ ያልፋታል፣ አንተ ደግሞ «ሞክሬው አልሠራም» ብለህ ተስፋ ትቆርጣለህ።

ቋሚ ከማድረግህ በፊት ለአንድ ጊዜ ብቻ ሞክረው። ላፕቶፑን አስነሳና የግራብ ሜኑ (ዊንዶውስ ወይስ ኡቡንቱ ብሎ የሚያስመርጠው) ሲመጣ ኡቡንቱ ላይ ቆመህ «ኢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫን። በ«ሊኑክስ» የሚጀምረውን ረጅም መስመር ፈልግ። መጨረሻው ላይ «ኳየት ስፕላሽ» ይላል። አይአርኪውፖል እዚያ ካለ አጥፋው። አንድ ክፍት ቦታ ተውና ያንን ጽሑፍ ጨምር፣ ከዚያ ኤፍ10። ካልጣመህ አጥፍተህ ስታስነሳው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ምንም የምታበላሸው ነገር የለም።

ሲነሳ ያንን የኢንተራፕት ፋይል ድጋሚ ክፈት። አሁን ቲፒኤም0 የሚል ስም ከሠንጠረዡ መጥፋት አለበት። ቺፑ ግን አልጠፋም፤ /ሲስ/ክላስ/ቲፒኤም ውስጥ አሁንም ታገኘዋለህ። ታችፓዱንም ሞክረው። ክዳኑን ዘግተህ አስተኛውና መልሰህ ቀስቅሰው፣ ምክንያቱም ድራይቨሩ ከእንቅልፍ ሲነሳ የኢንተራፕት ቅንብሩን እንደገና የሚያይበት ሰዓት ነው፣ ብዙ ጉድ የሚወጣውም ያኔ ነው።

ከሠራ ቋሚ አድርገው። /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ የሚለውን ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈት፣ «ግራብ_ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ_ዲፎልት» በሚለው መስመር ጥቅስ ውስጥ ጨምር፣ አይአርኪውፖልንም ከዚያው አውጣ። ፋይሉን ሴቭ አድርገህ ሱዶ አፕዴት-ግራብ በል። ፌዶራ የሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ያለ ሰው ይህን ሥራ በግራቢ ትዕዛዝ ያደርገዋል። ስትጨርስ /ፕሮክ/ሲኤምዲላይን የሚለውን ፋይል አንብብና ጽሑፉ በእርግጥ መግባቱን በዓይንህ እይ። ፋይሉን አስተካክሎ አፕዴት-ግራብ የሚለውን የሚረሳው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም።

«ለምን በሞድፕሮብ ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል አልጽፍም?» የሚል አይጠፋም። እሱ የሚሠራው ድራይቨሩ ለብቻው የሚጫን ሞጁል ሲሆን ብቻ ነው። ብዙ ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ቲፒኤም_ቲስ ከርነሉ ውስጥ አብሮ የተጋገረ ነው፤ ያኔ ያንን ፋይል ማንም አያነበውም። ሞድኢንፎ ቲፒኤም_ቲስ ብለህ ስትጠይቅ ፋይልኔም ላይ «ቢልትኢን» ካለህ ነገሩ ያ ነው። በግራብ በኩል የሚጻፈው ለሁለቱም ስለሚሠራ እኔ ሁልጊዜ የምመክረው እሱን ነው።

ፖሊንግ ማሽኑን ያዘገየዋል ብለህ አትስጋ። ቲፒኤም በቀን ውስጥ የሚጠየቀው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ዲስክ ሲከፈት፣ አልፎ አልፎ ቁልፍ ሲፈለግ። እዚያ ላይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢጨመር ማን ያውቀዋል? ሊኑክስ ራሱ ለብዙ ዓመት የኖረው እንዲህ ነው። ታሪኩ ደስ ስለሚል ላጫውትህ።

የድሮው ድራይቨር ኢንተራፕትን የሚያበራ ይመስላል እንጂ በትክክል አይሠራም ነበር። የቺፑን ሬጂስተር ለመጻፍ መጀመሪያ ቺፑን «ሎካሊቲ» በሚባል ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል፤ ድራይቨሩ ይህን በየቦታው አያደርግም ነበር። ስለዚህ ሙከራው ይወድቅና ወደ ፖሊንግ ይመለሳል። «ፈርምዌር በግ፦ ቲፒኤም ኢንተራፕት ኖት ወርኪንግ፣ ፖሊንግ ኢንስቴድ» የሚል ጽሑፍ ይተዋል፣ ሕይወት ይቀጥላል። (እሱን ብቻ ያየህ ከሆነ እርሳው፤ ጉዳት የለውም።) ሊኖ ሳንፊሊፖ የተባለ ገንቢ ይህን ሁሉ አስተካከለና ሥራው በሰኔ 2023 በወጣው 6.4 ከርነል ገባ። ትክክለኛ ሥራ ነበር። ችግሩ፣ ኢንተራፕቱ በእውነት መሥራት ሲጀምር ባዮሶቹ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ስህተት ሁሉ ብቅ አለ። ሊኑክስ ኢንተራፕቱን በእውነት ስለማይጠቀምበት ቀድሞ ብዙ ሰው አላየውም። የከርነል ሰዎች ኢንተራፕት የሚጠፋባቸውን ላፕቶፖች በስም መመዝገቡን ተያያዙት፦ ቲንክፓድ ኤል490፣ ኤል590፣ የፍሬምወርክ 12ኛና 13ኛ ትውልድ። ዝርዝሩ እየረዘመ ሲሄድ የክፍሉ ኃላፊ ጃርኮ ሳኪነን ነገሩን ገለበጠው፤ ኢንተራፕት የሚፈልግ ራሱ ያብራ፣ ካልሆነ ጠፍቶ ይቆይ። ይህ በነሐሴ 2023 ከወጣው 6.5 ጋር መጣ። ትክክለኛው ውሳኔ ይመስለኛል። የሁሉንም ኩባንያ ባዮስ አንድ በአንድ እየለቀሙ መኖር አይቻልም።

እንግዲህ «ከርነሌ አዲስ ነው፣ ለምን እኔን ያዘኝ?» ልትል ትችላለህ። የስሪት ቁጥሩን ብቻ አትመን። ዲስትሮዎች ከአዲሱ እየቀነጨቡ ወደ አሮጌው ስለሚያስገቡ፣ የሳንፊሊፖ ጥገና ገብቶ የሳኪነን መከላከያ ያልገባበት ከርነል ሊኖርህ ይችላል። ድሮ አንድ ሰው ኢንተራፕቱን በእጁ አብርቶትም ይሆናል። ቁርጡን የሚነግርህ /ሲስ/ሞጁል/ቲፒኤም_ቲስ/ፓራሜትርስ/ኢንተራፕትስ የሚለው ፋይል ነው። 0 ወይም ኤን ካለህ ጠፍቷል። 1 ወይም ዋይ ካለህ በርቷል። ‑1 ካለህ ድራይቨሩ በራሱ እንዲወስን ተትቷል፣ ያም በአንተ ላፕቶፕ ላይ በርቷል ማለት ነው።

አሁን ቺፑን ስለማጥፋት። ባዮስ ውስጥ «ሴኩሪቲ ቺፕ» የሚለውን ብታጠፋ እርግጥ ነው ጥሪው ይቆማል። ግን ዊንዶውስ 11 ብዙ ጊዜ ሳይነግርህ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎታል፣ ቁልፉንም ያስቀመጠው እዚያ ቺፕ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ስታስነሳው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ባለ 48 አኃዝ ሪከቨሪ ኪ ይጠይቅሃል። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ዊንዶውሱን የጫነው የቀድሞው ባለቤት ከሆነ ቁልፉ የተቀመጠው በሱ የማይክሮሶፍት አካውንት ይሆናል። እሱን የት ታገኘዋለህ? «ክሊር» የሚለውን ጭራሽ አትንካ፤ እሱ ውስጡ ያለውን ቁልፍ የሚያጠፋ ነው፣ መመለሻ የለውም። «ዲስክሪት» ከሚለው ወደ «ፒቲቲ» መቀየርም ያው ነው፤ ለዊንዶውስ ሌላ ቺፕ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ምንም ባትነካም ዊንዶውስ ገብተህ ተርሚናሉን በአድሚን ክፈትና ማኔጅ-ቢዲኢ በሚለው ትዕዛዝ ሲ ድራይቭ መቆለፉን እይ። ተቆልፎ ከሆነ ሪከቨሪ ኪውን ወረቀት ላይ ገልብጠህ አስቀምጥ። ስልክህ ላይ ፎቶ ካነሳኸውም አንድ ነገር ነው፤ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ሴቭ አድርጎ መተው ግን ዋጋ የለውም።

የሊኑክስ ዲስክህንም በቲፒኤም እንዲከፈት አድርገህ ከሆነ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የግራቡን መስመር ስትቀይር የከርነሉ ትዕዛዝ ልኬት ይቀየራል፤ ግራብ እሱን የሚመዘግበው ፒሲአር 8 በሚባለው የቺፑ መመዝገቢያ ላይ ነው። ቁልፉን ከፒሲአር 8 ጋር ካሰርከው በሚቀጥለው ስታስነሳ ፓስወርድ ይጠይቅሃል፤ አስገባውና በሲስተምዲ-ክሪፕትኢንሮል እንደገና እሰረው። ከ7 ጋር ብቻ ከሆነ ምንም አይሰማህም።

ባዮሱን ማደስ ይረዳል ወይ? አንዳንዴ አዎ፤ ስህተቱ የሚኖረው እዚያ ነውና። ኡቡንቱ ላይ ኤፍደብልዩአፕድ የሚባለው ፕሮግራም ለላፕቶፕህ አዲስ ፈርምዌር ካለ ይነግርሃል። ከማደስህ በፊት ዊንዶውስ ገብተህ ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» አድርግ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ፣ መብራት የሚቆራረጥበት ሰዓት ላይም አትጀምረው፤ ባዮስ መሃል ላይ ከተቋረጠ ያኔ በእውነት ቦርድ ፍለጋ ትወጣለህ። ካደስክ በኋላ በዚያው በግራቡ ኢ መንገድ 0ን በ1 ቀይረህ አንዴ መሞከር ትችላለህ። አዲስ ከርነል ከሆነ ጥሪው አሁንም ካልቆመ ድራይቨሩ ራሱ 1,000 ባለቤት አልባ ጥሪ ላይ ያጠፋዋል፣ «ኢንተራፕት ስቶርም ዲቴክትድ» የሚል መልእክትም ይተዋል። እኔ ግን በአንተ ቦታ ብሆን 0 ላይ ትቼው ሥራዬን እሠራ ነበር። የምታተርፈው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ አድርገህ ታችፓዱ አሁንም ቀጥ የሚል ከሆነ ሦስት ነገር ገልብጠህ ላክልኝ፦ ሱዶ ዲሜሴጅ ካወጣው ውስጥ «ቲፒኤም» እና «አይአርኪው» የሚሉትን መስመሮች በሙሉ፣ የኢንተራፕት ሠንጠረዡን አሁን እንዳለ፣ ዩኔም -አር የሚሰጥህን የከርነል ስሪት። ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ላክ፤ ሠንጠረዡ በስልክ ፎቶ አይነበብም። የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር ግን አትላክ፣ አያስፈልገኝም።